የዕቃ ክፍሏን ለልጆቻችንና ለመምህሮቻችን እናድሳት፦ ከአራብሳ ወላጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም የአራብሳ ሰዎች፣ እዚህ ኖራችሁ የለቀቃችሁም ጭምር። ሁለት ልጆቼ ሰፈራችን ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። ዘንድሮ የወላጅ መምህር ህብረት አባል ሆኛለሁ። ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት፣ ግን መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ስሙኝ።

ጥቅምት ላይ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በየቀኑ ሦስተኛው ፔሬድ ላይ «ሆዴን አመመኝ» እያለ መውጣት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ተወሰደ፣ ምንም የለበትም ተባለ። ምገባውንም በደንብ ይበላል። አንዳንዱ ሰው «ከትምህርት ለመሸሽ ነው» አለ፣ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ግን አልተወችውም። አንድ ቀን ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ ዝም አለች። ብዙ ቆይቶ ተናገረ። በ2016 ከፒያሳ ሲነሱ አብሮ አደጎቹ ተበታትነዋል። አያቱ እዚህ ከመጡ በኋላ አርፈዋል፣ እሱ ደግሞ እናቱ እንዳታለቅስ ብሎ ቤት ውስጥ ስማቸውን አንስቶ አያውቅም። ሆዱ ጠግቧል፣ ግን ሆድ ብሶታል። (ይህን የጻፍኩት እናቱ «ንገሪያቸው» ብላኝ ነው።)

እኛ ልጅ ሲከፋው «ምን ጎደለብህ?» ነው የምንለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ልጅ ጨንቆኛል አይልም። ሆዴን ይላል፣ ራሴን ይላል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ወይ ድንገት ተደባዳቢ ይሆናል። እኛ ዘንድ ደግሞ «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ስድብ ሆኖ ስለቀረ፣ ችግሩን ያየ ወላጅም ቢሆን ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይደብቃል።

እሺ፣ መምህርቷስ? ቤት ኪራይ አልቀመስ ስላለ የምትኖረው ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ትነሳለች፣ ሁለት ታክሲ ትይዛለች፣ ከዚያ ከ60 በላይ ልጅ ፊት ትቆማለች። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ወቀሳው ሁሉ አስተማሪ ላይ ነው የሚወርደው፣ አንደኛ ደረጃ የምታስተምረው ላይም ሳይቀር። ስታፍ የሚባለው ክፍል ወንበሩ ተሰባብሯል፣ ብዙዎቹ ምሳቸውን የሚበሉት ቆመው ነው። ከልጁ ጋር ያወራች ዕለት ማታ ደወለችልኝና «እኔስ ለማን ልናገር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የደከመው መምህር ሲጮህ፣ ጩኸቱ የሚያርፈው እንደዚያ ልጅ ዝም ያለው ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለይተን መርዳት አንችልም።

ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ያላት አሮጌ የዕቃ ማስቀመጫ አለች። ርእሰ መምህሩ እንድናድሳት ፈቅደዋል። አንደኛው ክፍል ልጅ ከምክር ባለሙያ ጋር የሚነጋገርበት ይሆናል። በሩ ላይ መስታወት ይኖረዋል፣ ምክንያቱም ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ብቻውን የሚቀመጥበት ቦታ ከውጭ መታየት አለበት፣ ወሬው ግን መሰማት የለበትም። በዚህ ላይ አንደራደርም። ሁለተኛው ክፍል የመምህራን ማረፊያ ነው፦ ደህና ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሻይ ማፍያ። ባለሙያዋ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፣ አንዱን ከሰዓት ለመምህራኑ ብቻ ትሰጣለች። መምህር ሐኪም ይሁን አላልንም። ልጁን እንዴት እንደሚያዳምጥና መቼ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚልክ ይወቅ ነው ያልነው።

እድራችን 20 ወንበር ሰጥቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጎረቤታችን በሩን በነጻ እበይዳለሁ ብሏል። የጎደለን የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ፣ የመብራት ዕቃ፣ ቀለምና የባለሙያዋ የአንድ ዓመት ክፍያ ነው። በተለይ ክፍያው። ቤቱ ታድሶ ውስጡ የሚያዳምጥ ሰው ከሌለ ተመልሶ ዕቃ ቤት ይሆናል።

ከየቤቱ 300 ብር ብናዋጣ እንጀምራለን። የሌለው 50 ብርም ይስጥ፣ ያለው ይጨምር። ገንዘቡ የሚገባው በህብረቱ ስም ንግድ ባንክ በተከፈተ ሂሳብ ነው፣ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። ቁጥሩ በየብሎኩ መግቢያና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ሌላ ቁጥር የሚልክላችሁ ሰው ካለ የእኛ አይደለም። የገዛነውን ሁሉ ደረሰኙን እዚያው በር ላይ እንለጥፋለን። ውጭ ያላችሁ በዘመድ በኩል መላክ ትችላላችሁ።

የካቲት ላይ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሳይጀምር ብንጨርስ ደስ ይለናል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ነን፣ ውስጡን አውጥተን ግድግዳውን እንፍቃለን። ጉልበት ያላችሁ አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ ኑ፣ መሰላል ያለው ሰውም ይዞልን ይምጣ።