ቅባት እርም ላልሽው ልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባትሽን ጉልበቱን ትንሽ ከማመሙ በቀር።

እህትሽ እንደነገረችኝ ከሆነ ቅባት የሚባል ነገር እርም ብለሻል አሉ። ሽሮው በውሃ ብቻ፣ ጎመኑ ተቀቅሎ ብቻ። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን ግን 4 ብቻ ስለሚሰጥ፣ ሒሳቡን ከየት እንዳመጣሽው ይገባኛል። ግን መቀነስ ሌላ፣ ጨርሶ መተው ሌላ።

ይህ የታወቀው ደግሞ እዚያው አንቺ ባለሽበት፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጆርጅ በርና ባለቤቱ ሚልድረድ፣ ለአይጦች ሌላውን ምግብ እየሰጡ ቅባቱን ብቻ ነፈጓቸው። አይጦቹ እድገታቸው ተገታ፣ ቆዳቸው ተቀረፈ፣ ጅራታቸው ቆሰለ፣ ሴቶቹም መራባት አቃታቸው። ሊኖሌይክ አሲድ ያለበት ዘይት ጥቂት ጠብታ ሲሰጣቸው ግን አገገሙ። ይህን ቅባት ሰውነታችን ራሱ አይሠራውም፣ ከምግብ ነው የሚያገኘው። የኛ የኑግ ዘይት ደግሞ አብዛኛው እሱ ነው! የሕዋሶቻችን ሽፋን የሚሠራው ከቅባት ነው፤ አንጎልም ውሃው ሲቀር ከግማሽ በላይ ቅባት ነው። ፀጉሬ ይረግፋል ያልሽው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አልፈርድም፤ ግን ሐኪም ጋ ስትሄጂ ምን እንደምትበዪ ሳትደብቂ ንገሪ።

ሌላው ቫይታሚን ዲ ነው። የዚያ አገር ክረምት ፀሐይ ለኛ ቆዳ አይበቃም፤ የታዘዘልሽን ክኒን ግን በጥቁር ቡና ትውጪዋለሽ አሉ። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚባሉት ቫይታሚኖች አንጀት ውስጥ በደንብ የሚመጠጡት ከቅባት ጋር ሲሆኑ ነው። ክኒኑን ከእንቁላል ወይም ከአቮካዶ ጋር ውሰጂው። ጎመኑም ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ጣል አድርጊበት፤ ጣዕሙስ ቢሆን!

ቅቤ ላይ ግን አላግዝሽም። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አንሴል ኪዝ፣ የሚረጋ ቅባትን (እንደ ቅቤ ሲቀዘቅዝ የሚጠጥረውን) እና የልብ በሽታን አያይዞ ሲያጠና ነው ዕድሜውን የፈጀው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚረጋው ቅባት ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን 8 ግራም ገደማ ይይዛል። ለበዓል ዶሮ ወጥ ማንም አይከለክልሽም፣ የየቀኑ ወጥ ግን በዘይት ይሁን። የፓልም ዘይትም ግማሹ የሚረጋ ስለሆነ ከቅቤው ብዙም አይሻልም። አንዳንድ ሆርሞን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው የሚሉሽ እውነታቸውን ነው፣ ግን ጉበትሽ ራሱ የሚበቃውን ያዘጋጃል፤ ለሱ ብለሽ ቅቤ አትፈልጊ።

በሚመጣው ሰው እጅ አንድ ኪሎ ተልባ ልኬልሻለሁ። ኦሜጋ 3 የሚባለውን፣ ተልባ ውስጥም ያለውን ጠቃሚ ቅባት ፍለጋ ውድ ክኒን ከመግዛትሽ በፊት እሱን ጨርሺ። ሆን ብዬ ሳላስፈጨው ነው የላክሁት፣ ተፈጭቶ ከቆየ ጣዕሙ ይበላሻል። ለሳምንት የሚሆንሽን ብቻ ቆላ ቆላ አድርገሽ ፍጪና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ሳይፈጭ ከዋጥሽው እንዳለ ነው የሚወጣው። በርበሬው ከሥር በፌስታል ተጠቅልሏል፣ ሻንጣው ሲከፈት ተጠንቀቂ።

እናትሽ