አብሮ አደጋችንን ዶክተሩን ስናስብ

ሰላም ለሁላችሁም የማኅበራችን አባላት፣

እሁድ የዶክተራችን አርባ ነው። እኔ እስካሁን ስልኬ ሲጠራ እሱ የደወለ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ሲነሳ ትዝ ይላችኋል? ዝናብ ሳይኖር ከየት መጣ ተባለ። እሱ ግን ጭልፋውን ይዞ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ከግቢ ግቢ እየዞረ፣ እናቶቻችን ውሃ የሚያጠራቅሙበትን በርሜልና ሮቶ ሁሉ እያስከፈተ የትንኝ እጭ ሲጨልፍ ይውል ነበር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ወባ አስተላላፊ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፣ ከተማ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ይህን ሁሉ ሻይ እየጠጣን ያስረዳኝ እሱ ነው፤ ደጋግሜ ስጠይቀው አንድ ቀን አልሰለቸውም።

ማታው ግን የልጆቹ ነበር። ላቦራቶሪ ቢያመሽም የትንሿን ደብተር ሳያይ አይተኛም። ባለቤቱ የታመመች ጊዜም ሽሮውን ራሱ እየሠራ፣ ልጆቹን እያጠበ አስታመማት።

ትልቋ ልጁ ፎቶዎቹን እየሰበሰበች ነው። ያላችሁ ላኩልኝ፣ በተለይ መስክ ላይ የተነሳቸውን። እሁድ ከሰዓት እነሱ ቤት እንገናኝ።