ፋብሪካው ይውጣ፣ ሠራተኛውስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ትልልቅ ፋብሪካዎች ከከተማ ይውጡ የሚለውን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። ጭሱም፣ ፍሳሹም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጓራው ከባድ መኪናም ከመኖሪያ ሰፈር ጋር አይሄድም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 በሕንዷ ቦፓል ከፀረ ተባይ ፋብሪካ ያፈተለከው መርዛማ ጋዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅቷል። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር። ሰፈራቸው ፋብሪካው አጥር ሥር ነበር።

ግን ማዛወር ማለት ማሽን ጭኖ መሄድ ብቻ አይደለም። ንጋት ላይ ፈረቃ የምትገባ እናት ልጇን ለማን ትታ ትሂድ? ማታ አራት ሰዓት የሚወጣው ሠራተኛስ በምን ይመለስ? ሰርቪስ ከሌለ ደመወዙ በትራንስፖርት ያልቃል። ልምድ ያለው ባለሙያ ሥራውን ይለቃል። የቀረው ፋብሪካው አጠገብ ጎጆ ይቀልሳል፣ ሱቅ ይከተላል፣ ከዓመታት በኋላ ያው የድሮው ችግር ይመጣል። ስለዚህ በፋብሪካው ዙሪያ ቤት የማይሠራበት ቦታ ከወዲሁ ይከለል። የሠራተኛው መንደርም ራቅ ብሎ፣ ከነትምህርት ቤቱና ከነጤና ጣቢያው አብሮ ይታቀድ።

ቤጂንግ ግዙፉን የሾውጋንግ ብረታ ብረት ፋብሪካ ወደ ባሕር ጠረፍ ለማዛወር ዓመታት ፈጅቶባታል። በከተማው የነበረው ምርት የቆመው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ነው። በጥድፊያ የሚሆን ነገር አይደለም።

ወንዙም አይረሳ። ከከተማ በላይ የተተከለ ፋብሪካ ፍሳሹን ካላጣራ፣ መርዙ በውሃው ተመልሶ ይመጣል፤ መሃል ላይ ያለው ገበሬ ደግሞ ቀድሞ ይጎዳል። ማጣሪያው ተሠርቶ ሳይሞከር ምርት እንዲጀመር ፈቃድ ባይሰጥ ጥሩ ነው።

አንድ አንባቢያችሁ