የማዕድንና አፈር ክበብ፦ መብራት አጥፍተን ያሳለፍነው ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ ብዙውን ሥራ የሠራው መብራት አጥፍቶ ነው። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ እንጋርዳለን፣ ድንጋዩንና አፈሩን ጠረጴዛ ላይ እንደረድራለን፣ ከዚያ የአልትራቫዮሌት መብራቱ ይበራል። መጀመሪያ አካባቢ ልጆቹ የሚመጡት የሚያበራ ድንጋይ ለማየት ነበር። እኔም አልተቃወምኩም። "ለምን ያበራል?" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ እንደማይቀር አውቅ ነበር።

መጣም። መልሱን የሰጠን ካልሳይት የተባለው የኖራ ድንጋይ ማዕድን ነው። ንጹሕ ካልሳይት ይህን ያህል አያበራም። ጥቂት ማንጋኒዝ ሲገባበት ግን ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። ብረት ከበዛበት ደግሞ ብርሃኑ ይዳፈናል። ለዚህ ነው ሁለት ካልሳይቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ እንደ ፍም ሲቀላ ሌላው ጭጭ የሚለው። ስለዚህ ቀለም አይቶ ብቻ "ይህ እንዲህ ያለ ማዕድን ነው" ማለት አያዋጣም።

አፈር ላይ ስንደርስ ጭቅጭቅ ተነሳ። የደረቀ አፈር ውስጥ ደማቅ ሰማያዊ ክሮች ታዩ። "አዲስ ማዕድን!" ተባለ። አንዲት ተማሪ ግን ምንም ሳትናገር የሸሚዟን እጅጌ መብራቱ ስር አስገባች። ያው ሰማያዊ! የልብስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ማድመቂያ አልትራቫዮሌቱን ውጦ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል። ክሯን በመርፌ ጫፍ አንስታ በማጉያ መነጽር አሳየችን፤ የልብስ ብናኝ ናት። ከዚያ ወዲህ ናሙና የሚነካ ሁሉ መጀመሪያ እጅጌውን ይሰበስባል።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ማዕድንን በሌዘር የመለየት፣ ማለትም የራማን ዘዴ ነበር። ሕንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሲ ቪ ራማን በ1928 እ.ኤ.አ. ያገኘው፣ በ1930 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ነገር ነው። ሌዘር ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ከሚበተነው ብርሃን አብዛኛው ቀለሙን አይቀይርም። እጅግ ጥቂቱ ግን ከአቶሞቹ ንዝረት ጋር ጉልበት ተለዋውጦ ቀለሙን ቀይሮ ይወጣል። የለውጡን መጠን ስንለካ የማዕድኑን ማንነት እናገኛለን።

መሣሪያው የለንም። በነፃ የሚገኙ ስፔክትረሞችን (የብርሃኑን ጥንካሬ በየለውጡ መጠን የሚያሳዩ ግራፎችን) አትመን፣ ስማቸውን ቆርጠን፣ "ይህ ማን ነው?" ተጫወትን። ኳርትዝ 464 አካባቢ ባለው ጫፉ ወዲያው ተያዘ (ቁጥሩ የለውጡ መጠን ነው፣ በcm⁻¹)። ጂፕሰም በ1008 አካባቢው። ካልሳይትና አራጎናይት ግን ልጆቹን አደከሙ። ፎርሙላቸው አንድ ነው፤ ትልቁ ጫፋቸውም ሁለቱም ዘንድ 1085 ገደማ ነው። የሚለያዩት በአቶሞቹ አደራደር ነው። ይህም ዝቅ ባሉት ቁጥሮች ላይ ይታያል፦ ካልሳይት 281፣ አራጎናይት 206 አካባቢ።

ከዚያ የአፈር ስፔክትረም አመጣሁ። ጫፍ የሚባል የለም፣ አንድ ትልቅ ጉብታ ብቻ። ያ መስኮት ጋርደን ስናደንቀው የከረምነው ፍሎረሰንስ እዚህ ጠላት ሆነ። ከሂዩመስ (አፈር ውስጥ ካለው የበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት) የሚወጣው ብርሃን ደካማውን የራማን ምልክት ውጦታል። መፍትሔው ምንድን ነው? አረንጓዴውን 532 ናኖሜትር ሌዘር ትቶ ፍሎረሰንሱን ብዙ ወደማይቀሰቅሰው 785 መሄድ አንዱ ነው። ግን የራማን ምልክት በሞገድ ርዝመት አራተኛ ኃይል ይቀንሳል። ልጆቹ አሰሉት፤ አምስት እጥፍ ገደማ ይደክማል። ሌዘሩን ማጠንከርም ጣጣ አለው። ጎታይት የተባለው የብረት ማዕድን ሲግል ወደ ሄማታይት ይቀየራል። ልትለካው የመጣኸውን ራስህ ለወጥከው ማለት ነው።

እኔን የገረመኝ ሦስተኛው መንገድ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ተሽከርካሪ ፐርሰቪራንስ ሸርሎክ የተባለ መሣሪያ ይዛለች። ሌዘሩ 248.6 ናኖሜትር ነው። በዚህ አጭር ሞገድ የራማን ምልክት ሌዘሩ አጠገብ ይወጣል፤ ፍሎረሰንሱ ደግሞ ራቅ ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱም ሳይጋጩ ይለካሉ።

ለመጪው ዓመት እርጥብ አፈር ይዘን እንጀምራለን። የውሃ የራማን ምልክት ደካማ ስለሆነ ማዕድኑን ብዙ አይሸፍንም ይባላል፤ ስፔክትረሞቹን አወዳድረን እናያለን። መመዝገብ የምትፈልጉ ኑ። የአልትራቫዮሌት መከላከያ መነጽር ያላደረገ ግን በሩን አያልፍም፤ አረንጓዴ ሌዘር ከቤት ይዛችሁ እንዳትመጡም አደራ።