ለቅዳሜው የጅሬን የደጅ ሥዕል

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በታች እንገናኝ። ጥላው ቶሎ ስለሚዞር ሸራችሁ ከ30 በ40 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። በተርፐንታይን በቀጠነ ቡናማ ቀለም ቀብታችሁ ቀድማችሁ አድርቁት፤ ነጭ ሸራ ደጅ ላይ ዓይን ያጭበረብራል።

የዚህ ሳምንት ሙከራ አረንጓዴ ነው። ጅማ ላይ አረንጓዴ ካልተገራ ሥዕሉ ሰላጣ ይመስላል! ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አረንጓዴ ቤት ይቅር፤ ነጭ፣ ሎሚ ቢጫ፣ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ክሪምሰን ቀይና አልትራማሪን ሰማያዊ ይበቃሉ። ሰማያዊውን ወደ ቢጫው በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ገልብጣችሁ ከጀመራችሁ ቢጫው ያልቃል። አረንጓዴው ከጮኸ በቢላ ጫፍ ቀይ ንኩት፣ ይረጋል። ለሩቁ ኮረብታ ነጭና ሰማያዊ አብዙ። በቡናው ሥር ላለው ጨለማ ጥቁር ቀለም አያስፈልግም፤ ሰማያዊና ቀይ ቀላቅላችሁ ትንሽ ኦከር ጣል አድርጉበት።

ሸራውም ፓሌቱም (የቀለም መቀላቀያው ሰሌዳ) ጥላ ውስጥ ይሁኑ። ፀሐይ ቀለሙን አድምቃ ስለምታሳይ አጥቁራችሁ ትቀላቅላላችሁ፤ ጉዱ የሚታየው ቤት ስትገቡ ነው።

የመጀመሪያው የቀለም ንብብር በተርፐንታይን ይቅጠን፣ የተልባ ዘይት ከላይ ብቻ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ አይቀመጥ፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና ዘርግታችሁ አድርቁት። ላስቲክም ያዙ፣ ዝናቡ አይታመንም።