አቤቱታዬን ለአከራዬ በስልክ ላነበበው ጽሕፈት ቤት

ይድረስ ለወረዳችን የቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ ለእርስዎ የምጽፈው አራተኛው ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያውን የሐሳብ መስጫ ሳጥናችሁ ውስጥ ከተትኩት፤ የሳጥኑ ጓጉንቸር ዝጎ ስለነበር መልስ አለመምጣቱ አልገረመኝም። ሁለተኛውን በመዝገብ ቤት በኩል አስገባሁ፤ «ማክሰኞ ነይ» ተባልኩ፣ ብዙ ማክሰኞ አለፈ። የሦስተኛውን ዕጣ ፈንታ እርስዎም ባለሙያዎችዎም ታውቃላችሁ። አከራዬም ያውቃሉ፤ እንዲያውም ከእርስዎ በፊት የሰሙት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ስለዚህ ይህኛውን የፈለገ ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ጽፌዋለሁ። በስልክ ከሚነበብ ይሻላል።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 26 ነው። ቀን ቀን የአንድ ድርጅት ገቢና ወጪ አመሳክራለሁ፤ አንድ ብር ከጎደለች አምሽቼ እፈልጋታለሁ። ማታ የምገባው ግን ባለ አራት በር ሰርቪስ ቤት ውስጥ ወዳለች አንዲት ክፍል ነው። የዚያች ክፍል ሒሳብ እስከ ዛሬ ተመሳክሮልኝ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ ስገባ የተስማማነው በ9,500 ብር ነበር። ለደላላው የከፈልኩትን አልቆጥረውም፤ እሱ ቢያንስ በግልጽ ነግሮኛል፦ «ውሉ 5,000 ነው የሚለው፤ የቀረውን በእጅ ትሰጫቸዋለሽ። ሁሉም ጋ እንዲሁ ነው።»

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ምን እንደሚል ለእርስዎ መተንተን ድፍረት ይሆንብኛል። ዋና ዋናው ነገር የጽሕፈት ቤታችሁ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል፦ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ከሁለት ዓመት አይነስ፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፤ ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው ተመን ውጪ ጭማሪ አይደረግ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሚጣል ነገር የለውም።

የተመዘገብንበትን ቀን አልረሳውም። ባለሙያዋ ቅጹን እየሞላች «ኪራዩ ስንት ነው?» አለች። አከራዬ «አምስት ሺህ» አሉ። ባለሙያዋ ብዕሯን አቁማ ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ተከራይ ተከራይን የሚያይበት ነው። እኔ ወለሉን አየሁ። ከዚያ ቁጥሩ ተጻፈ፣ ፈረምን፣ ማኅተሙ አረፈ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ሦስት ሰዎች ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን ያላወቀ አልነበረም።

ይህ የእኔም ጥፋት ነው፤ አልክድም። በመሥሪያ ቤቴ እንዲህ ያለ ሰነድ ላይ ብፈርም ከሥራ እባረራለሁ። ነገር ግን አልፈርምም ብል ደላላው የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚያስገባት ሌላ ልጅ ነበረችው። አከራዬንም ክፉ ሴት ናቸው ብዬ አልከስም። ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ ከኪራይና ከጥቂት ጡረታ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም፤ ቁጥሩን ያሳነሱት የኪራይ ገቢ ግብር ፈርተው ነው። እሳቸው ግብር ሸሹ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ዓይኑን ጨፈነ፣ የሁለታችሁንም ዕዳ የምከፍለው እኔ ሆንኩ።

በኪራዩ ብቻ ቢያበቃ ዝም እል ነበር። ግቢው ያለው አንድ የመብራት ቆጣሪ ነው። የመብራት ታሪፍ በእርከን የተሠራ መሆኑን ያውቃሉ፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። እርከኑ ጥቂት የሚጠቀመውን ሰው ለመደገፍ የታሰበ ነው። እኛ ግን በአንድ ቆጣሪ ተደምረን አንድ ትልቅ ተጠቃሚ እንሆናለን፤ ድጎማው ከበራችን ሳይደርስ ያልቃል። በዚያ ላይ አከራዬ ለሱቅ የሚያስረክቡትን እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ፣ የእርሾው ሽታ በበሬ ሥር ይገባል። ወር ሲሞላ ሒሳቡ ለአምስት እኩል ይካፈላል፤ አራቱ በሮችና ምጣዱ። የእኔ ድርሻ አንድ አምፖል፣ አንድ ስልክና ቅዳሜ ቅዳሜ የማበራት ምድጃ ናት። ደረሰኙን ያሳዩኝ ብላቸው «ሌባ ልትዪኝ ነው?» አሉኝ። ሌባ ልላቸው አልነበረም፤ ደረሰኝ ሳላይ ወጪ መመዝገብ አልችልም። የሙያ በሽታ ነው መሰለኝ።

ጥር ላይ በእጅ የምሰጠው 4,500 ወደ 5,500 ከፍ አለ። ሦስተኛውን ማመልከቻ የጻፍኩት ያን ጊዜ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረዘርኩ፦ በባንክ የከፈልኩትን ከነደረሰኙ፣ በእጅ የሰጠሁትን ከነቀኑ፣ ውሉ ላይ የፈረምኩት ቁጥር ሐሰት መሆኑን ጭምር። ራሴን ጨምሬ ነው የከሰስኩት ማለት ነው።

ሚያዝያ ላይ ለመልስ ተቀጥሬ መጣሁ፤ ከሥራ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ። የዚያን ቀን የነበረው ሌላ ባለሙያ ነው። ማመልከቻዬን ከፋይሉ አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበውና «ቆይ፣ አሁን እናጣራዋለን» አለ። ማጣራት ማለት መጥቶ ማየት፣ የሌሎቹን በሮች ተከራዮች ለብቻ መጠየቅ መስሎኝ ደስ አለኝ። እሱ ግን ውሉ ላይ ያለውን የስልክ ቁጥር መታ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፈተው።

«እማማ፣ ከወረዳ ነው። ተከራይዎ እዚህ መጥታ ‹ከውሉ ውጪ በእጅ ይቀበሉኛል፣ ጥር ላይም ጨምረውብኛል› ትላለች። እውነት ነው እንዴ?»

አክንባሎ ምጣድ ላይ ሲከደን በስልኩ ተሰማ። የመጋገሪያ ቀን ነበር።

«በስመ አብ! እሷ ልጅ ናት እንዲህ ያለችው? ኧረ ምንም የለም፣ ልጄ።»

«የለም ብለዋል» አለኝ፣ እዚያው ተቀምጬ እንዳልሰማሁ ሁሉ። ከዚያ በማመልከቻዬ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ተጣርቷል፤ አከራይዋ አላመኑም» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ከኋላዬ ወረፋ ይዛ የነበረች አንዲት ልጅ በእጇ የያዘችውን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ክቡር ኃላፊ፣ ያ ባለሙያ የሠራው ሥራ ምን ተብሎ እንደሚጠራ በቅንነት እጠይቅዎታለሁ። የተሰረቀ ሰው ጣቢያ ሄዶ ቢያመለክት፣ ፖሊሱ እዚያው ለሌባው ደውሎ «ወስደሃል ወይ?» ይለዋልን? እኔ ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቼ የምመለሰው ወደዚያው ግቢ ነው። የውጪው በር ቁልፍ ያለው በእሳቸው እጅ ነው። የውኃው ቧንቧ መዝጊያ ያለው በእሳቸው መስኮት ሥር ነው።

አከራዬ አልጮሁብኝም። እሑድ ቡና ሲፈላ ግን አልተጠራሁም፤ ከገባሁ ጀምሮ ሰባት ወር ሙሉ ያልቀረ ጥሪ ነበር። ሰኞ ጠዋት በሬን አንኳኩተው «ከግንቦት ጀምሮ የእጁ 8,000 ነው። ካልሆነልሽ ልጄ ከውጭ ስለሚመጣ ክፍሉን እፈልገዋለሁ» አሉኝ። በዚህ ከተማ የአከራይ ልጅ ሁሉ ከውጭ የሚመጣው ተከራይ አቤት ባለ ማግስት ነው።

ወደ ቅሬታ ሰሚያችሁ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሦስተኛው አገኘኋቸው። «በስምምነት ብትጨርሱት ይሻላል። በወረቀት ላይ እኮ የተጨመረ ነገር የለም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ያን ዕለት ማታ ደብተሬን አውጥቼ ደመርኩት። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በባንክ የከፈልኩት 35,000 ብር ነው፤ ወር በወር 5,000፣ ሳይዛነፍ። በእጅ የሰጠሁት 35,500 ብር ነው። ሕግ የሚያውቀው ኪራዬ ከግማሽ በታች ሆኗል ማለት ነው፤ አዋጁ ያንን ግማሽ አጥሮ ይጠብቅልኛል፣ የቀረው ግማሽ እንደ ፈለገ ያድጋል። የፈለገ ኦዲተር ይምጣና የእኔን ፋይል ይክፈት፦ ውሉ የሁለት ዓመት ነው፣ በጊዜው ተመዝግቧል፣ ክፍያው በባንክ ነው፣ ጭማሪ የለም። አዋጁ አንድም ሳይጓደል ተከብሯል። እኔ ደግሞ ቤት እየፈለግኩ ነው።

የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ይዤ ስመጣ «የቤቱ ባለቤት በአካል ቀርበው ይፍቀዱልሽ» የተባልኩትን እዚህ ላይ አልዘረዝረውም። ፋይዳ አለኝ፤ ማን እንደሆንኩ ይናገራል። የት እንደምኖር የሚናገሩልኝ ግን አሁንም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ምን ይደረግ ብለው ከጠየቁኝ፣ ለእርስዎ የሚከብድ አይደለም። ሲመዘገቡ አከራይና ተከራይን ለየብቻ ጠይቁ፤ አቤቱታ ያቀረበውን ሰው ስም ለተከሳሹ አትንገሩ። ለሁለቱም በጀት አያስፈልግም።

እኔ ግንቦት 30 ቀን እለቃለሁ። ጓደኛዬ ዘንድ ፍራሽ አንጥፌ እቆያለሁ፤ እሷም ተከራይ ናት፣ አከራይዋ እንግዳ መቀበሏን እስኪያውቁ ድረስ። ማመልከቻዬ ግን ፋይላችሁ ውስጥ ይቆይ። ስለዚያች ክፍል በእናንተ ዘንድ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ 9,500 የሚለው ቁጥር የሰፈረው እሱ ላይ ብቻ ነው። ከጠፋም ቅጂው አለኝ፤ የቀዩን እስክሪብቶ ጽሑፍም ፎቶ አንሥቼዋለሁ።

ሰኔ ላይ አከራዬ ሌላ ልጅ ይዘው ይመጣሉ። ባለሙያዋ ቅጹን እየሞላች «ኪራዩ ስንት ነው?» ትላለች። እባክዎን ያን ጊዜ ማመልከቻዬን ከፋይሉ አስወጥተው ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጡት ያድርጉ።

የግቢው የሦስተኛው በር ተከራይ