አባዬ፣ ጀልባዋን ሳታያት አትቆጣ

አባዬ እንዴት ነህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እማዬስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤውን ትንሹ ያንብብልህ፣ ግን ቀስ እያለ ያንብብ፤ ሲቸኩል ግማሹን እንደሚውጠው አውቃለሁ። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ገና «ጀልባ» ከማለቴ «ውሃ ወዳጅ የለውም» ብለህ ስልኩን ለእማዬ ሰጠሃት። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም።

አዎ፣ ገዝቻለሁ። ያገለገለች ትንሽ የፋይበር ጀልባ ናት፤ አምስት ሜትር አትሞላም። ከኋላዋ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ሞተር ታስሮባታል። ዋጋዋን እዚህ አልጽፍም፣ ትንሹ አንብቦ ዳንግላን ያዳርሰዋል። ስትመጣ በጆሮህ እነግርሃለሁ። ብድር ግን የለብኝም፣ እሱን እወቅልኝ።

ለምን ባጃጅ አልገዛሽም ነው ያልከው ለእማዬ። ባጃጅ አሳ ዘንድ አይደርስማ! እስካሁን የምሸጠውን አሳ ከአጥማጆቹ የሚያመጣልኝ ሌላ ሰው ነበር። አጥማጆቹ መረብ የሚያነሱት በማለዳ ነው፣ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ፀሐይ በርትቷል፣ በረዶ አልነካውም፣ ዋጋውም በመሀል ሁለት እጅ አልፎ ነው የሚመጣው። አሁን በሳጥን በረዶ ይዘን ራሳችን ሄደን ከመረቡ እንቀበላለን። የሚነዳው ታናሼ ነው። በሁዳዴ ደግሞ ገበያው ይደራል (አንተ አሳ በሁዳዴ አይበላም እንደምትል አውቃለሁ፤ ደንበኞቼ ግን አልሰሙህም)።

ውሃውን መፍራትህን አልስቅበትም። ጣና ሰው ይበላል፣ ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ግን የሚያስፈራው አንተ እንደምታስበው ጥልቀቱ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሐይቅ ሆኖ ጥልቅ የተባለው ቦታ ወደ 14 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጫጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። ትንሽ ጀልባ የሚገለብጠው እሱ ነው። ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው። ስለዚህ እኛ ማለዳ ወጥተን ረፋዱ ላይ እናስራታለን። ከሰዓት ማንም ምንም ቢከፍል አንወጣም። ታናሼ በኪዳነ ምሕረት ምሎልኛል፣ አንተም በበኩልህ አስምለው። ላይፍ ጃኬት ሳይለብስ ገመድ አይፈታም። ሌላም አለ፤ ከሞተሩ ጋር የምትያያዝ ቀጭን ገመድ አለች፣ ነጂው እጁ ላይ ያስራታል። ድንገት ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዷ ትነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ጀልባዋ ጥላው አትሄድም፣ ዞራም በፕሮፔለሩ አትመታውም። ሻጩ ይቺን ገመድ ከነመኖሯም ረስቷታል። መጀመሪያ የገዛሁት እሷን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ የጻፍኩልህም ለዚህ ነው።

ያገለገለ ጀልባ ልትገዛ ስትሄድ ደላላው የሚያሳይህ ሞተሩን ነው። ሰውም ሞተር ሲነሳ ሰምቶ ይከፍላል። እኔ ደግሞ ሞተር ያን ያህል አያስጨንቀኝም። ይፈታል፣ ይገጠማል፣ መለዋወጫ ይፈለግለታል፤ ያማሃ የመረጥኩትም እዚህ ያሉት መካኒኮች እጃቸው ስለለመደው ነው። ቢሆንም በደንብ አስፈትሸነዋል። መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጃችን ነካን፤ ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ አስቸግሮ የሚነሳ ሞተር አለው ማለት ነው። ሲነሳ ከጎኑ ውሃ መትፋቱን አየን። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በራሱ በሐይቁ ውሃ ነው፣ ከታች ይስባል፣ ከጎን በቀጭኑ ይተፋል። ካልተፋ ወይ መሳቢያው ተደፍኗል ወይ ፓምፑ ውስጥ ያለችው የጎማ ክንፍ አልቃለች፤ ቶሎ ካላጠፋኸው ሞተሩ ግሎ ውስጡ ይጣበቃል። ከዚያ መካኒኩ ሁለቱንም ካንዴላ አውጥቶ ኮምፕሬሽን፣ የሲሊንደሮቹን ግፊት ማለት ነው፣ ለካ። ሁለቱ ሲሊንደሮች ተቀራራቢ ናቸው፣ ጥሩ። የማርሽ ዘይቱን ትንሽ ሲያፈሰው ግን ነጣ ብሎ ወተት መሰለ። ውሃ ገብቶበታል። ፕሮፔለሩ ሲፈታ የመረብ ክር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ በልቶት ተገኘ። ይህ በሐይቁ ላይ የተለመደ ነው፣ ጎማው ርካሽ ነው፣ በዚህም ዋጋ አስቀነስን።

መካኒኩ ጨርሶ እጁን ሲጠርግ እኔ ካቻቢቴውን ተቀበልኩትና በእጀታው ጀልባዋን ማንኳኳት ጀመርኩ። ሳቁብኝ። አንተ ግንድ ልትገዛ ስትሄድ በመጥረቢያ ጀርባ እየመታህ «ስሚ፣ ይሄ ደህና ነው፤ ይሄ ልቡ ሞቷል» እያልከኝ ነው ያደግኩት፣ ይስቁ። ጎንና ጎኗ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ወለሏም ደህና ነው። ኋላዋ ዘንድ ስደርስ፣ ሞተሩ የታሰረበት ቦታ ላይ፣ ድምፁ ታፈነ።

ያ ግድግዳ ከውጭ ፋይበር ይምሰል እንጂ ውስጡ እንጨት ነው አባዬ። ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ሞተር ይንጠለጠልበታል፣ ጀልባዋን የሚገፋው ጉልበት ሁሉ በሱ ነው የሚያልፈው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ቡሎን ለማሰር በስተዋል፣ ቀዳዳውን ግን በምንም አልደፈኑትም፤ ውሃ በቡሎኑ ዙሪያ ገብቶ ዓመት ከዓመት ተኝቶበታል። የሚገርምህ፣ ጨው ባሕር ላይ ቢሆን እንጨቱ ይሻለው ነበር፤ ጨው እዚያ ብረቱን ይበላል እንጂ እንጨቱን ያቆየዋል። የጣና ውሃ ጨው የለውም፣ የክረምቱ ዝናብም የለውም፣ እንጨት ያበሰብሳል። ሞተሩን ከላይ ይዤ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስገፋው ግድግዳው አብሮ ተነቃነቀ። ሻጩ ይሄን ሲያይ ዝም አለ፣ ደላላውም ስልክ ያዘ።

ታዲያ ለምን ገዛሽ? በአንተ ተማምኜ ነዋ። ሌላ ገዢ እዚያ ላይ ፈርቶ ይመለሳል። እኔ አባቴ አናጺ ነው ብዬ ዋጋውን እንደገና ሰበርኩትና ወሰድኳት። አሁን ከውሃ ወጥታ በድጋፍ ቆማለች፣ ሞተሩም ወርዷል፤ እስኪስተካከል በሰው ጀልባ ነው የምንሠራው።

እዚህ ያሉት ሁሉም የየራሳቸውን ይላሉ። አንዱ ብረት ቆርጬ ከውጭ ልሰርልሽ አለኝ። የበሰበሰ እንጨት ላይ ብረት ቢታሰር ብረቱ ምኑን ይይዛል? ሌላው ከሱቅ ኮምፐንሳቶ ገዝተን እንሙላው ይላል። ተራው ኮምፐንሳቶ ግን ሙጫው ውሃ አይችልም፣ አንድ ክረምት ሳይሞላው ቅጠል በቅጠል ይለያያል፣ ይሄን ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። የፋይበር ሥራ የሚሠራው ልጅ ነው ደህና ነገር የነገረኝ። ወፍራም አንድ ወጥ ጣውላ አታስገቢ አለ፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር በወርዱ ያብጣል፣ ፋይበሩን ይሰነጥቀዋል። ቀጫጭን ጣውላ ተላግቶ፣ የአንዱ ክር በሌላው ላይ ተሻግሮ፣ ውሃ በሚችል ሙጫ በሞርሳ ተጠብቆ ቢጣበቅ ግን አንዱ ሌላውን ይይዘዋል።

እኔ ቆጡ ላይ ያለው ዋንዛ ነው የታወሰኝ። ያ አልጋ ልትሠራበት አስቀምጠኸው የቀረው። ዋንዛ ዛሬ እንደ ድሮው አይቆረጥም፣ ከገበያም ደረቅ አይገኝም፤ ያኛው ግን ስንት ዓመት ጭስ ጠጥቶ የደረቀ ነው። ምስጥ አይደፍረውም፣ ቀላል ነው፣ ለመላጊያም ይመቻል ስትል የኖርከው አንተ ነህ። እማዬ አልጋው ይቅርብኝ ብላለች፣ ጠይቄያታለሁ።

ልኩን እጽፍልሃለሁ። ውፍረቱ ተጣብቆ ሲያልቅ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ የሞተሩ ማሰሪያ አይከፈትለትም፣ ከሳሳም ይነቃነቃል። ሞተሩ አጭር እግር ስለሆነ ከማሰሪያው እስከ ጀልባዋ ሆድ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር እየያዘ በባዶ ይጮኻል፣ ዝቅ ካለም እግሩ ውሃ ይጎትታል፣ ቤንዚን ይበላል። ቅርጹን በካርቶን ቆርጬ አስቀምጬልሃለሁ። የቡሎኑን ቀዳዳ መጀመሪያ ሰፋ አድርገን በስተን በሬዚን፣ በፋይበሩ ሙጫ ማለቴ ነው፣ እንሞላዋለን፣ ሲደርቅ መሀሉን በልኩ መልሰን እንበሳዋለን። ቡሎኑ እንጨቱን ጨርሶ አይነካውም፣ ውሃም መግቢያ ያጣል። አንተ ፕላስቲክ አትወድም፣ አውቃለሁ፣ ግን ይሄን አንዴ እሺ በለኝ።

መጋዝ ገፊ አላደርግህም። መጋዙን ታናሼ ይገፋል፣ አንተ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ እዘዝ፣ ተሳደብም ካሰኘህ። የእንጨቱን ክር የሚያይ ዓይን ነው ያጣሁት።

ስለ ቀሪው ብዙ አታስብ። ቤንዚኑን በጨርቅ አጥልለን ነው የምንቀዳው፤ ለ20 ሊትሩ ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር የሞተር ዘይት እንቀላቅላለን፣ ሞተሩ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚጠጣው። ብዙ ቀን የሚቆም ከሆነ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅለን ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን አቃጥሎ እስኪጠፋ እንጠብቃለን፣ አለበለዚያ ቤንዚኑ እዚያው ይረጋና ይደፍነዋል። የፓምፑ የጎማ ክንፍ በየዓመቱ ትቀየራለች፤ ያለቀች ባትመስልም ትቀየራለች። እንቦጭ ያለበት አንሄድም። ይሄ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁ ላይ ነው፣ የባሰው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ነው፣ ግን ነፋስ እየነዳ ቁራጩን ወደኛም ያመጣዋል። ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ የውሃ መሳቢያውንም ይደፍናል። ስለዚህ ታናሼ ዓይኑ ከጎን ከሚተፋው ውሃ ላይ አይነሳም።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅህ፣ መጥተህ ዘመድ ሁሉ ካልተሳፈረ እንዳትል። 15 የተባለው ሞተር እዚህ 15 አይደለም። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል፣ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ ስታሰላው ወደ 12 ይወርዳል። ሻጩ ስድስት ሰው ትጭናለች ብሎኝ ነበር። እኛ ከአራት አናሳልፍም፣ የበረዶውን ሳጥንም እንደ ሰው ነው የምንቆጥረው።

እና መቼ ትመጣለህ? መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን በጠዋቱ ሚኒባስ ተነስ፣ መናኸሪያ እንቀበልሃለን። ጣውላውን ሹፌሩ ላዩ ላይ ይጫነው፣ ሂሳቡን እኔ እዚህ እከፍላለሁ፣ አንተ ከሱ ጋር አትከራከር። መላጊያህን፣ ሁለቱን መሮና ሞርሳዎቹን ሁሉ ያዝ። ትራፓኖ እዚህ አለ። እማዬም ትምጣ፣ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት የተሳለችውን የካቲት 16 እናደርስላታለን፤ ጀልባዋ እስከዚያ ካልደረሰች በትልቁ ጀልባ እንሄዳለን። አንተን ደግሞ ክብራን ገብርኤል ገዳም አደርስሃለሁ። እዚያ ሴት ስለማትገባ አንተ ወርደህ ትሳለማለህ፣ እኔ ጀልባዋ ላይ ሆኜ እጠብቅሃለሁ፣ የሠራኸው ግድግዳ ይነቃነቅ እንደሆነም እያየሁ።

ጣውላው ላይ ስንጥቅ ካለ ከመምጣትህ በፊት ደውልልኝ፣ ልኩን እንደገና እንነጋገራለን። ጉልበትህን በቅባት አሽው፣ ያ የላክሁልህ አላለቀም አይደል?

ልጅህ
ከባሕር ዳር